የስጦታው እጅ

ከሰዓት በኋላ፣ ባንቺአምላክ ደጇ ላይ ሰፌድ ይዛ ጓያ እየለቀመች፤ ባሕር ማዶ ሄዶ ድምፁ የጠፋው የባሏ የስጦታው ታላቅ ወንድም፣ የመንደሩ የውሃ ማኅበር ሊቀ መንበር እንዳላማው፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፊት ለፊቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ።

እንዳላማው፦ ሞቷል በይ ነው ያልኩሽ እንጂ ግደይው አላልኩሽም!

ባንቺአምላክ፦ ልዩነቱን ያስረዱኝ፣ አያ። ቀስ ብለው። እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም።

እንዳላማው፦ ለአንድ ቀን ነው። ነገ ጠዋት ስብሰባው ላይ ትነሺና «ባለቤቴ ስጦታው በሕይወት የለም፤ ወራሹ እኔ ነኝ» ትያለሽ። ከዚያ «ማኅበሩ ይፍረስ የሚል» ሲባል እጅሽን ታነሻለሽ። አለቀ። ማታውን ሰውየው እንደ ነበረ ነው።

ባንቺአምላክ፦ ማታውን ተነሥቶ ይመጣል?

እንዳላማው፦ ወይ እቺ ሴት! ሁሉ ነገርሽ ሲያረጅ ምላስሽ ብቻ ቀረ።

ባንቺአምላክ፦ ስለማልሠራበት ነው። ቀኑን ሙሉ ማንን አዋራበታለሁ?

እንዳላማው፦ እሺ፣ አሁን ቀልዱን ተይና ስሚኝ። መሐንዲሱ ነገ ማታ ይሄዳል። የከተማው ውሃ አገልግሎት «ሁለት ጌታ ያለው ውሃ አልይዝም፤ መጀመሪያ ማኅበራችሁን አፍርሱ፣ ከዚያ ቧንቧውን አስገባለሁ» ብሏል። ነገ ካላፈረስን ቧንቧው እንዳለ ተጭኖ ወደ ወዲያኛው ቀበሌ ነው። እነሱ ከወዲሁ ቦዩን ቆፍረው ጨርሰው ቁጭ ብለዋል።

ባንቺአምላክ፦ ይሂዳ።

እንዳላማው፦ ይሂዳ? ምንጩን አላየሽውም እንዴ? እንደ ሽማግሌ ሽንት ይንጠባጠባል። ሚስቴ በዶሮ ጩኸት ወረፋ ይዛ ፀሐይ አናቷ ላይ ሲወጣ አንዲት ጀሪካን ይዛ መጣች። ያውም የደፈረሰ። ወገቧን ይዛ እስካሁን እንደ ተኛች ናት።

ባንቺአምላክ፦ አይቻታለሁ። ከኋላዋ ነበርኩ። የኔ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ቆመ።

እንዳላማው፦ ታዲያ! ላንቺም አይደል የምለፋው?

ባንቺአምላክ፦ ሰው ስንት ነገር ይለፋልኛል። ግን ይኼን ያህል ሕዝብ ባለበት አገር የጎደለው የስጦታው እጅ ብቻ ነው?

እንዳላማው፦ የነአየነው ሰፈር አሻፈረኝ አለ። ምንጩ ጓሯቸው ውስጥ ነው፤ ምን ጎድሏቸው። ከነሱ በቀር አገሩ ሁሉ እጁን አነሣ። እሑድ ቆጠርን፤ ደግመን ቆጠርን፤ ቄሱም ቆጠሩ። ከአባላቱ ሦስት እጅ ሁለቱ «ይፍረስ» ካላለ አይፈርስም ይላል ደንቡ። ለዚያ አንዲት እጅ ጎደለች። አንዲት እጅ፣ ባንቺ! እግዜር ሲጫወትብን እኮ ነው።

ባንቺአምላክ፦ የሌለ ሰው ከቁጥር ይውጣ አይባልም?

እንዳላማው፦ አይባልም። «ያልመጣ አባል እንደ ተቃወመ ይቆጠራል» ይላል። ስጦታው አልመጣም። ስለዚህ ስጦታው ተቃውሟል።

ባንቺአምላክ፦ ባሕር ማዶ ሆኖ?

እንዳላማው፦ ባሕር ማዶ ሆኖ።

ባንቺአምላክ፦ ጎበዝ ነው። እዚህ ሳለ ስብሰባ ላይ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ አያውቅም ነበር።

እንዳላማው፦ ለሞተ አባል ግን ወራሹ እጅ ያነሣለታል። እሱም ደንቡ ላይ አለ። መውጫችን ያቺ ናት።

ባንቺአምላክ፦ እንዲህ ያለውን የተቋጠረ ደንብ ማን ነው ያወጣው?

እንዳላማው፦ ታውቂዋለሽ።

ባንቺአምላክ፦ ከየት አውቄ? ያኔ ስብሰባ የሚገባው ባልየው ነበር።

እንዳላማው፦ እኔ ነኝ። እኔና መምህሩ። ከተሜው ሁሉ ዓይኑን ጥሎበት ነበር ምንጩ ላይ። ግማሹ ሰው ለቅሶ በሄደበት ቀን ጥቂት ሰው ሰብስቦ፣ እጅ አስነሥቶ ውሃችንን እንዳይወስድብን ብለን ነው ያጠበቅነው። ያኔ ብልኅ ነበርን።

ባንቺአምላክ፦ ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።

እንዳላማው፦ ተረቱን እኔም አላጣሁትም! እጅሽን ነው የጠየቅኩሽ።

ባንቺአምላክ፦ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄዎት ነበር። ማኅበሩ ውስጥ ያለው የባሌ ስም ወደኔ ይዙርልኝ፤ መዋጮውን የማወጣው እኔ፣ ቦይ የምጠርገው እኔ ብዬ። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?

እንዳላማው፦ የጥንቱን ሁሉ ማን ይይዛል?

ባንቺአምላክ፦ እኔ ይዤዋለሁ። «ባሏ በሕይወት ሳለ ስሙን የምታስፍቅ ሴት፣ ቀጥላ አልጋውን ታስይዛለች» አሉ። ቤተ ክርስቲያን በራፍ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ።

እንዳላማው፦ ብዬ ይሆናል። ንዴት ነው።

ባንቺአምላክ፦ አልተናደዱም ነበር። እየሳቁ ነው ያሉት።

እንዳላማው፦ ይቅር በይኝ በቃ። ይኸው፣ ድንጋይ ልሸከም? ካሻሽ ይቺን የተቀመጥኩባትን ልሸከማት።

ባንቺአምላክ፦ ይተዉት፤ መቀመጫ የለኝም ሌላ። ድንኳኑንስ ያስታውሳሉ?

እንዳላማው፦ የምን ድንኳን?

ባንቺአምላክ፦ ያልተተከለውን። ከሄደ ወዲህ ድምፁ ሲጠፋብኝ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ደጅዎ መጣሁ። ፍታት ይደረግለት፣ እኔም እርሜን ላውጣ አልኩ። «ሬሳ ሳላይ ወንድሜን አልቀብርም! ድንኳን ከተከልሽ ከነካስማው እነቅለዋለሁ!» ብለው በአቡዬ ማሉ።

እንዳላማው፦ መሐላዬ ነው። አልክድም።

ባንቺአምላክ፦ የወፍጮ ቤቱ ጌታ ሽማግሌ ሲልክስ?

እንዳላማው፦ እሱን ደግሞ ምን አመጣው እዚህ?

ባንቺአምላክ፦ ሽማግሌዎቹን «ባለ ባል ናት» ብለው መለሷቸው። ሰውየው ጠበቀ፤ ደግ ሰው ነው። ሲታክተው ሌላ አገባ። አሁን እህል ላስፈጭ ስሄድ ልጆቹ ከትከሻዬ ያወርዱልኛል። ጨዋ ልጆች ናቸው። እናታቸው ታድላለች።

እንዳላማው፦ እህ። ቂም ነዋ! ይኼን ሁሉ ቂም ቋጥረሽ ኖሯል ጓያ የምትለቅሚው። አገር በጥም ሲያልቅ እያየሽ ልትወጪብኝ ነው።

ባንቺአምላክ፦ ቂም ጉልበት ይጠይቃል፣ አያ። እኔ የለኝም። ደንዝዣለሁ። እግርዎ ተኝቶብዎት አያውቅም? ሰው ሲቆነጥጠው የሌላ ሰው እግር የሚመስልዎት። እንደዚያ ነኝ። እየተናገርኩ እንኳ የጎረቤት ታሪክ የማወራ ነው የሚመስለኝ።

እንዳላማው፦ ካልተሰማሽ ምን ቸገረሽ? እጅሽን አንሥተሽ አገር አታድኚም?

ባንቺአምላክ፦ ላንሣው።

እንዳላማው፦ ምን አልሽ?

ባንቺአምላክ፦ ላንሣው አልኩ። እሺ።

እንዳላማው፦ እሺ? እንዲህ በቀላሉ? ተመስገን! አንቺ ልጅ እኮ ከጥንትም ልበ ቅን ነሽ።

ባንቺአምላክ፦ ቆይ፣ አይቸኩሉ። አንድ ነገር ይመልሱልኝ። እርስዎ ስጦታው ሞቷል ብለው ያምናሉ?

እንዳላማው፦ እኔ? ከቶ! ሞትን ምን አመጣው? ለደንቡ እኮ ነው። ደንቡን እኔው አሰርኩት፣ እኔው ልፈታው ነው። ወንድሜማ አለ። ወይ ታሥሯል፣ ወይ አግብቶ ወልዷል፣ ወይ ባዶ እጁን መምጣት አፍሮ ነው። ታውቂው የለ፣ ይሉኝታው ነው የሚገድለው።

ባንቺአምላክ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እንዳላማው፦ ወተቷን ባላይም ላሟ የኔ ናት! ምን ታውቂያለሽ አንቺ? ጋቢው ሣጥኔ ውስጥ ነው። የሠርጉ ጋቢ። ክረምት ሲወጣ አወጣና ፀሐይ አስመታዋለሁ፤ ብል እንዳይበላው። ውሻ ሲጮህ እስከ ዛሬ ብድግ እላለሁ። ሚስቴ «አብዷል» ትለኛለች።

ባንቺአምላክ፦ ጋቢውን አላውቅም ነበር።

እንዳላማው፦ ለማን ይነገራል? ሊቀ መንበር ነኝ። ሊቀ መንበር ጋቢ አቅፎ ሲተክዝ ሰው ምን ይላል?

ባንቺአምላክ፦ እና ነገ «ሞቷል» ስል ጥሩንባ ይነፋል?

እንዳላማው፦ ኧረ በሕግ! የምን ጥሩንባ? ጥሩንባ ከተነፋ ምን ስብሰባ አለ? አገር ምድሩ እስከ ሠልስቱ ድንኳን ሥር አይደል የሚውለው? ማን እጅ ያነሣልኛል? መሐንዲሱ ደግሞ ሠልስት አይጠብቅ። ለዚህ እኮ ነው በቀስታ የምልሽ። እዚያው ብለሽ፣ እዚያው ይቀራል።

ባንቺአምላክ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

እንዳላማው፦ ይኼ አይወጣም። አንድ ጊዜ ዝቅ አርገሽ ትያታለሽ፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ አለቀ።

ባንቺአምላክ፦ ያልተለቀሰለት ሟች።

እንዳላማው፦ አልሞተም እያልኩሽ!

ባንቺአምላክ፦ ሞቷል፣ አያ።

እንዳላማው፦ እንደሱ! ልክ እንደሱ በይ ነገ። ሳትጮኺ፣ ሳትንቀጠቀጪ። እንዲህ ብለሽ ከተናገርሽ ማንም ጥያቄ አያነሣብሽም።

ባንቺአምላክ፦ የነገውን አይደለም የማወራዎት።

እንዳላማው፦ የምን?

ባንቺአምላክ፦ ስጦታው ሞቷል። ባሕር ነው የበላው።

እንዳላማው፦ ማነው ያለሽ?

ባንቺአምላክ፦ አብሮት የነበረ ሰው።

እንዳላማው፦ ወሬ ነው። ስደተኛ ሁሉ ወሬ አያጣም። አገሩ ላይ ስጦታው የሚባል ሞልቷል!

ባንቺአምላክ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ገበያ ላይ ነው ያገኘኝ፤ ከወዲያኛው ደብር ነው ሰውየው፤ «የስጦታው ሚስት ማናት?» እያለ ሲያጠያይቅ ጠቆሙት። የትኛው ስጦታው አልኩት። «ምንጭ የቆፈረው» አለኝ። መንገድ ላይ ጥም ሲጸናባቸው ስለዚህ ምንጭ ያወራላቸው ነበር። ድንጋዩን ለመፈንቀል ከወንድሙ ጋር እንዴት እንደ ታገሉ፣ ውሃው ፊታቸው ላይ ሲፈነዳ ወንድሙ እንዴት በጀርባው እንደ ወደቀ። «አንድ ቀን ወስጄ አጠጣችኋለሁ» ይላቸው ነበር። ሰዎቹ ምላሳቸው ደርቆ «እስቲ ድገምልን» ይሉታል፤ እሱ ይደግምላቸዋል።

እንዳላማው፦ በጀርባዬ የወደቅኩትን… እሱን ያየ የለም። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ባንቺአምላክ፦ አዎ። እኔም ለዚያ ነው ያመንኩት። ለኔ ነግሮኛል፤ ለሌላ ሰው አትንገሪ፣ ያፍራል ብሎ።

እንዳላማው፦ እንዴት ነው የሆነው?

ባንቺአምላክ፦ ጀልባዋ ሰው በዝቶባት ተገለበጠች። ሰውየው ባዶ ጀሪካን አቅፎ ተንሳፈፈ። ስጦታው ዋና አያውቅም።

እንዳላማው፦ እኔ ነኝ የከለከልኩት።

ባንቺአምላክ፦ ምኑን?

እንዳላማው፦ ዋናውን። ልጆች ሆነን እኩዮቹ ሁሉ ወንዝ ሲንቦጫረቁ እኔ በልምጭ እየገረፍኩ አስወጣው ነበር። ይሰምጥብኛል ብዬ። አንድ ቀን እንኳ አላስገባሁትም። ይሰምጥብኛል ብዬ፣ ባንቺ!

ባንቺአምላክ፦ ያንን ያህል ባሕር የወንዝ ዋና አይሻገረውም። ሰውየው ሲነግረኝ ዋናተኞቹም አለቁ ነው ያለኝ። ራስዎን አይብሉ።

እንዳላማው፦ መቼ ነው ይኼን የሰማሽው?

ባንቺአምላክ፦ እማማ ሳይሞቱ።

እንዳላማው፦ እናቴ ሳትሞት? ያን ጊዜ ጀምረሽ ታውቂያለሽ? እኔ ስለሱ ጸበል ስሄድ፣ ስለት ስሳል እያየሽ?

ባንቺአምላክ፦ እያየሁ። እማማ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር «ስጦታዬ፣ መጣህ?» ይሉ ነበር። በምን አፌ ልንገር? ለእርስዎ ከነገርኩ አይችሉም፤ ይጮሃሉ፤ እሳቸው ይሰማሉ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

እንዳላማው፦ ስትሞትስ?

ባንቺአምላክ፦ ሲሞቱ ልነግርዎት ቀብሩ ላይ መጣሁ። አፈር ላይ ሲንከባለሉ አየሁዎት። አንድ ትከሻ ሁለት ሬሳ አይሸከምም ብዬ ተመለስኩ። ደግሞ ሬሳ ካላየሁ ብለው ምለዋል፤ ከባሕር ላይ ሬሳ ከየት አምጥቼ ላሳይዎት? ዛሬ ነገ ስል ነገሩ ደረቀብኝ። ለመንገርም ለማልቀስም ጊዜው ያለፈ መሰለኝ።

እንዳላማው፦ አላለቀስሽም?

ባንቺአምላክ፦ አላለቀስኩም። ሰውየውን ይዤው መጥቼ ከምንጩ በጣሳ ቀድቼ አጠጣሁት። እሱ ጠጥቶ ተንሰቀሰቀ። እኔ ጣሳውን አለቅልቄ መለስኩ። ማታ እንቅልፌን ተኛሁ። በማግሥቱ ተነሥቼ ሥራዬን ሠራሁ።

እንዳላማው፦ እኔን ስድብ አውርጂብኝ እንጂ! ምን ዓይነት ነው ይኼ ዝም ማለት?

ባንቺአምላክ፦ ምን ብዬ ልሰድብዎት? ይልቅ ይስሙኝ። የመጡበት ነገር አልተበላሸም። ነገ እመጣለሁ። ባሌ ሞቷል፣ ወራሹ ነኝ እላለሁ። ውሸትም አይሆንብኝ። እጄን አነሣለሁ፤ ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ቧንቧው ይገባል። እርስዎ እስከዚያ ዝም ይበሉ። አንዲት ሌሊት ናት። መሐንዲሱ ፈርሞ ሲያበቃ፣ ማታውን ጥሩንባ ያስነፉ።

እንዳላማው፦ አንዲት ሌሊት።

ባንቺአምላክ፦ አንዲት። እኔ ይኼን ያህል ክረምትና በጋ ችዬዋለሁ። ቀላል ነው። እህል ይለቀማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይተኛል።

እንዳላማው፦ ማንም አያውቅም?

ባንቺአምላክ፦ እርስዎና እኔ።

እንዳላማው፦ የሚስቴ ወገብ አለ። የልጅ ልጆቼ ያን ጭቃ ጠጥተው ሆዳቸው ሲታወክ ነው የከረመው። ሕዝቡ ደግሞ… ነገ ካልሆነ ሕዝቡ እኔን ነው የሚበላኝ።

ባንቺአምላክ፦ አዎ። ለዚህ እኮ ነው ዝም ይበሉ ያልኩዎት።

እንዳላማው፦ ታዲያ እኔ ነጭ ጋቢ ለብሼ መሐል ልቀመጥ? «የሞቱ አባላት ወራሾች፣ እጃችሁን አንሡ» ልበል? በወንድሜ? በአፌ?

ባንቺአምላክ፦ ከመጡ ጀምሮ የለመኑኝ ይህንኑ አይደል?

እንዳላማው፦ ያኔ አልሞተም ነበራ!

ባንቺአምላክ፦ አሁንስ?

እንዳላማው፦ አሁን…

ባንቺአምላክ፦ አሁንስ፣ አያ?

እንዳላማው፦ አሁን ሞቷል። ወንድሜ ሞቷል። ኧረ ስጦታዬ! ኧረ ወንድሜ!

ባንቺአምላክ፦ ቀስ ይበሉ፤ ጎረቤት ይሰማል። ከተሰማ ስብሰባው ቀረ ማለት ነው።

እንዳላማው፦ ይስማ! ከእንግዲህ ምን ስብሰባ አለ? ጥሩንባ ነፊውን አሁን ነው የማስጠራው። ድንኳኑ ከኔ ደጅ… የለም፣ እዚህ ይተከል። ካንቺ ደጅ። የለቅሶው ባለቤት አንቺ ነሽ።

ባንቺአምላክ፦ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ይሰበሰብ የለ? ከቸገረ እዚያው እጅ ያስነሡ።

እንዳላማው፦ ለቅሶ ላይ እጅ የሚነሣው ደረት ሊመታ ነው። ሌላ አላውቅም።

ባንቺአምላክ፦ ቧንቧው ተመልሶ አይመጣም።

እንዳላማው፦ አይመጣም።

ባንቺአምላክ፦ ሰው ይረግምዎታል። ሚስትዎ ሳትቀር። ጀሪካን ባነሣች ቁጥር።

እንዳላማው፦ ይርገሙኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ከነሱ ጋር እረግማለሁ። ግን ወንድሜን ለአንዲት እጅ ብዬ ሁለት ጊዜ አልደብቀውም። አንዴ ለቅሶውን ከልክዬ ደብቄው ያደረግኩሽን አየሁ። ልሂድ፤ ሳይመሽ ይነፋ።

ባንቺአምላክ፦ አያ፣ ገና አይሂዱ።

እንዳላማው፦ ምነው? ሐሳብሽን ለወጥሽ?

ባንቺአምላክ፦ አይደለም። አንድ አፍታ አጠገቤ ይሁኑልኝ። እስከ ዛሬ ያላለቀስኩት ጨክኜ አይደለም፤ ብቻዬን እንዴት እንደሚጀመር አላውቅበትም ነበር።